ከወለል ሲለካ

ወይንሸት ሥራዋን ሁልጊዜ የምትጀምረው ከወለሉ ነው። መጀመሪያ መሬቱ ደልዳላ መሆኑን ዞር ዞር እያለች በእግሯ ትረግጠዋለች፤ ከዚያ ተመልካች የሚቆምበትን ቦታ በኖራ ታሰምራለች፤ ቀጥላ እየተሳበ የሚረዝመውን የመለኪያ በትሯን ከወለሉ ወደ ላይ ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። የሌዘር ትርኢት ለሚያየው ሰው ጨዋታ ነው፤ ለእሷ ግን አንድ ጥያቄ ነው፦ ጨረሩ የሰው ዐይን በማይደርስበት ከፍታ ያልፋል ወይስ አያልፍም? በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ትንንሽ መስታወቶች እየተወዛወዙ እስካሉ ድረስ ጨረሩ ይበተናል፤ መስታወቱ ቀጥ ካለ ግን ያ ሁሉ ብርሃን አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል፣ ያረፈው ዐይን ላይ ከሆነም ባለቤቱ ምንም ሳያመው ከሚያየው ነገር ሁሉ መሃሉ ይጎድልበታል። ይህን ለአዘጋጆች ስታስረዳ «አያምም» የሚለውን ቃል ደጋግማ ትናገራለች። ሰው ያላመመውን ነገር አደጋ ነው ብሎ አይቀበልም።

አዳራሹ ከአዳማ መውጫ ላይ ያለ የድሮ የጥጥ መጋዘን ነበር። በዘመን መለወጫ ሳምንት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ለቤተሰብ የሚሆን ትርኢት ሊታይበት ስለታሰበ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተጋርደዋል፤ ውጭ ፀሐይ አናት እየበሳ፣ ባጃጅ እየተንጫጫ፣ ውስጡ ግን ድቅድቅ ያለ፣ የሚቀዘቅዝ፣ የራሰ ጥጥ የሚሸት ሌላ አገር ሆኗል። ዘበኛው ጋሽ ተሰማ በሩን ሲከፍቱላት የገዛ ቤታቸውን እንደሚያስጎበኝ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ነበር።

«እርግብ የለ፣ የሌሊት ወፍ የለ» አሏት ወደ ጣሪያው እያመለከቱ። «የጎረቤቱን መጋዘን ብታዪው ኩስ በኩስ ነው። የኛ ንጹሕ ነው ልጄ። ላዩ ላይ አንድ ነፍስ ያለው ነገር አይቀመጥም።»

«ተመስገን ነው ጋሼ፤ መሣሪያችን ላይ አይጥልብንም» አለቻቸው። እውነትም ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ደስ ማለት ግን ከራቃት ቆይቷል። ታላቅ እህቷን ከቀበረች ወዲህ ነገር ሁሉ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የሚደርሳት ይመስላታል፤ ወጥ ትቀምሳለች፣ ጨው ይኑረው አይኑረው አታውቅም። ለቅሶ የመጡ ዘመዶች «ይቺ ልጅ ደነዘዘች» ሲባባሉ ሰምታለች፤ እውነታቸውን ስለሆነ አልተቀየመችም። በዚህ ሁሉ መሃል አሁንም የሚነካት ነገር ቢኖር ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጇ ኤልዳና ናት። ኤልዳና እናቷ የምትሠራውን «አረንጓዴ ሰማይ» ለማየት የእሑድን መምጣት በየጧቱ ትጠይቃለች፤ አባቷ አንዱዓለም ሊያመጣት ቃል ገብቶላታል። ስለዚህ ወይንሸት በዚህ ሳምንት የምትለካው ለማታውቀው ሕዝብ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ዐይን ሁለቱ የልጇ ናቸው።

የትርኢቱ ነዳፊ ሚልኪያስ ከመድረኩ ግርጌ ኮምፒውተሩን ዘርግቶ ይጠብቃት ነበር። ብዙ ጊዜ አብረው ሠርተዋል፤ ሥራውን ያውቃል፣ ቀልድ ደግሞ አያጣም።

«ያው ሦስት ሜትር ነዋ፣ መመሪያው እንደሚለው?»

«መመሪያው እሽኮኮን አያውቅም።»

«መጣች እንግዲህ ከነእሽኮኮዋ!» ብሎ ሳቀባት።

መመሪያውን የጻፉት ሰዎች ተመልካች ሲባል የሚታያቸው ቆሞ የሚያጨበጭብ ሰው ነው። እዚህ ግን ዘፈኑ ሲሞቅ ልጅ ያለው ልጁን፣ ልጅ የሌለው ጓደኛውን ትከሻው ላይ ያወጣል፤ የወጣውም ቁጭ ብሎ አይቀርም፣ ተነስቶ ይቆማል፤ ከፍ ያለ ቦታ ከተገኘማ ተሸካሚው ራሱ እዚያ ላይ ይወጣል። በዚህ መጋዘን ደግሞ ከኋላ በኩል ድሮ ጥጥ ይጫንበት የነበረ፣ የሰው ደረት የሚደርስ የሲሚንቶ እርከን አለ። ወይንሸት እርከኑን አየችው፤ ሕዝቡንም በሐሳቧ እላዩ ላይ አወጣችው።

«አራት ሜትር አድርገው» አለችው። «ከዚያ በላይም ቢሄድ አልጠላም።»

የጭስ ማሽኑ አዳራሹን በስስ ጉም ሞላው። ሚልኪያስ መብራቱን አጠፋና እሱና ባልደረቦቹ «አንሶላ» የሚሉትን አበራ፤ ከመድረኩ ጫፍ የተነሳ አረንጓዴ ብርሃን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጠፍጣፋ ሆኖ ተዘረጋ፣ ጉሙ በውስጡ ቀስ ብሎ ይሽከረከር ጀመር፣ ከታች ሆኖ ለሚያየው ሰው ከራሱ በላይ ሌላ ጣሪያ የተሠራለት ይመስላል። ጨረሩ በኋላኛው ግድግዳ ላይ ሲያርፍ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። መስመሩ ከመሃል ትንሽ ወደ ግራ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጦ ነበር።

«አቧራ ነው» አለች። ሚልኪያስ የመሣሪያውን አፍ በጨርቅ ጠርጎ መልሶ አበራው። አሁን የተቆረጠው ሁለት ቦታ ሆነ።

አቧራ ቢሆን ጥላው ከመሣሪያው አፍ ይጀምር ነበር። ይሄኛው የሚጀምረው ከአዳራሹ መሃል ነው፤ ብርሃኑ እስከዚያ ድረስ ሙሉ ሆኖ ይመጣና የሆነ ነገር እንደጋረደው ሁሉ ከዚያ ወዲያ ጥቁር ጭራ እየጎተተ እስከ ግድግዳው ይሄዳል። ትከሻ ላይ የቆመ ሰው ጭንቅላቱን ወደ ብርሃኑ ቢያስገባ ልክ እንዲህ ያለ ጥላ ይጥላል፤ ወይንሸት ይህን በሙያዋ ብዙ ጊዜ አይታዋለች። ጥላው ከሚጀምርበት ሥር ሄዳ ቆመች። ወለሉ ላይ ከእሷ በቀር ማንም አልነበረም።

በትሯን አስረዝማ ጫፉን ወደ ብርሃኑ አስገባችው። የበትሩም ጥላ ከሌሎቹ ጎን ተዘረጋ፤ በመልክ አይለይም፤ የበትሩ ጥላ ግን ዝም ያለ ነው፣ የሌሎቹ በጣም ቀስ እያለ ይሰፋል፣ ይጠባል። በትሩን ትንሽ ገፋ ስታደርገው ከብርሃኑ በላይ፣ ምንም ሊኖር በማይገባው ባዶ ቦታ፣ ጫፉ ለስለስ ካለ ነገር ጋር ተገናኘ። ያዘው ማለት አይቻልም፤ ነካው። ስትስበው ወዲያው ለቀቀ። ጫፉ እርጥብ ስለነበር በሱሪዋ ጠረገችው።

ፍርሃት አልተሰማትም። መፍራት እንዳለባት ግን ታውቅ ነበር፤ ድንጋጤዋ ከሌላ ሰፈር እንደሚመጣ ጩኸት ከሩቅ ተሰማት፣ የሰማችውንም ትታ ሥራዋን ቀጠለች።

«እስቲ መብራት አብራልኝ።»

ሚልኪያስ አበራላት። ከላይ የዛገ ብረት፣ ከብረቱ በላይ ቆርቆሮ፣ እዚህም እዚያም የድሮ አምፖል ማቀፊያ፤ የተንጠለጠለ ገመድ የለ፣ የሸረሪት ድር እንኳ የለ።

«ከፍ እናድርገዋ፤ ምንም ይሁን ምን ከነገሩ እናርቀው» አለ ሚልኪያስ። ከፍ አደረጉት። መስመሩ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ መሰለ። የበለጠ ከፍ ሲያደርጉት ወደ ግድግዳው የሚደርሰው ብርሃን እዚህም እዚያም የተጠባጠበ ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ወደ ሦስት ሜትር ሲያወርዱት መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ሆኖ ተመለሰ። ለሚያስብበት ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ወይንሸት ግን ዕድሜዋን ሁሉ ከወለል ወደ ላይ የለካች ሴት ናት፣ ከላይ ወደ ታች መለካት አልመጣላትም።

የቀዩ ማጥፊያ ሙከራ ቀጠለ። ይህ አንድ አደጋ ሲታይ ጨረሩን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ፣ መዳፍ የሚያህል ቁልፍ ነው፤ በትርኢቱ ሰዓት የሚይዘውም እሷው ናት። ተጫነችው። መስታወቶቹ ማፏጨታቸውን አቆሙ፣ የመሣሪያው ማቀዝቀዣም ዝም አለ፣ ጨለማው እንደ ውሃ ሞላ፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የራሰ ልብስ ከገመድ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማት፣ አንድ ቦታ ሳይሆን በጣሪያው ስፋት ሁሉ፣ ሳይቸኩል። የራሰው ጥጥ ሽታም ፊቷ ድረስ መጣ። ሚልኪያስ ጨረሩን መልሶ ሲያበራ አሁን ሙሉ የነበረው የሦስት ሜትሩ መስመር ከብዙ ቦታ ተቆራርጦ ነበር፤ እነሱ እያዩት ግን ቁርጥራጩ አንድ በአንድ እየጠበበ ተዘጋ።

«ጭሱ ሲቀዘቅዝ ይወርዳል፤ ብርሃኑ ሲያሞቀው ደግሞ ይወጣል» አላት ሚልኪያስ። «ፊዚክስ ነው፣ ወይኒ።»

«ጭስ እንዲህ ያለ ጥላ ይጥላል?»

«ከወፈረ ለምን አይጥልም?»

መልሱ መልስ ነበር። ተቀበለችው።

በማግስቱ ግን አንሶላውን በቁመት እንዲያዞርላት ጠየቀችው። ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ ከመድረኩ እስከ ኋላኛው ግድግዳ፣ ከወለል እስከ ቆርቆሮ፣ አዳራሹን ለሁለት የሚከፍል የብርሃን መጋረጃ ሆኖ ቆመ። መጀመሪያ የታያት ጉሙ ብቻ ነበር። ዐይኗ ሲለምድ በላይኛው በኩል፣ ከብረቶቹ መሃል፣ ረዣዥም ጥቁር ነገሮች ወደ ታች ተዘርግተው አየች፤ ብዙ ናቸው፣ ተጠጋግተዋል፣ ርዝመታቸውም ተመሳሳይ ነው። አንደኛው ብቻ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ነበር። ጫፉ ላይ የተከፋፈለ ነገር አለው፤ የተከፋፈለው ነገር ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ ብርሃኑን ነካ፣ ቀንድ አውጣ ቀንዱን እንደሚሰበስብ ተሰብስቦ ወደ ላይ ገባ።

«አየኸው?» አለችው።

ሚልኪያስ ዐይኑን ከኮምፒውተሩ አነሳ። «ምኑን?»

ላየችው ነገር ስም አልነበራትም። «ጭሱን» አለችው።

«እረፍት ያስፈልግሻል፣ እህቴ» አላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ በሌለው ድምፅ። «በእውነት። ከለቅሶ ቀጥታ ወደ ሥራ ነው የገባሽው።»

ትርኢቱን ማገድ ትችላለች፤ ፊርማዋ ከሌለ በሩ አይከፈትም። ግን ምን ብላ? የጨረሩ ጉልበት በልኩ ነው፣ መስታወቶቹ አልቆሙም፣ ማጥፊያው ይሠራል። በየትኛውም መመሪያ ላይ ስለ ጣሪያ የተጻፈ ነገር የለም። «ጥላ አየሁ» ብትል ሰው ምን እንደሚላት ታውቃለች፤ ብለውም ጨርሰዋል። ስለዚህ ከሦስትና ከአራት ሜትር መሃል ያለ ከፍታ መረጠች፦ ወለል ላይ ለሚደረግ እሽኮኮ የሚበቃ፣ እርከኑ ላይ ለሚደረግ ግን የማይበቃ። እርከኑ በገመድ ይታጠራል፣ ጋሽ ተሰማ ይጠብቁታል፤ እዚያ ላይ ማንም ካልወጣ ማንም አይጎዳም። ጨረሩን ከዚያ በላይ ከፍ ያላደረገችው ለምን እንደሆነ ራሷን አልዋሸችም። ያንን የተቆራረጠ መስመር እንደገና ማየት አልፈለገችም።

ቤት ገብታ አንዱዓለምን ከጓዳ ጠራችው። «እሑድ ባትመጡስ?»

«እንዴ! ለኤልዳና ማን ሊነግራት ነው? እኔ አልችልም፣ አንቺ ንገሪያት።»

«አዳራሹ ደስ አላለኝም።»

«ደስ ያለሽ አዳራሽ ኖሮ ያውቃል እንዴ?» አላት፤ ከዚያ ፊቷን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሟርተኛ አትሁኚ እንጂ፣ ወይንዬ። ልጅቷ እኮ ስትስቂ ያየችሽ ስለዚህ ትርኢት ስታወሪላት ብቻ ነው።»

ይህ እውነት ይሁን አይሁን አላስታወሰችም። ሳሎን ውስጥ ኤልዳና ወንበር ላይ ቆማ እጆቿን ወደ ኮርኒሱ ዘርግታ «እዚህ ድረስ ነው?» እያለች ትጠይቃለች። ወይንሸት ባሏን መሃል ላይ እንዲቆምና ልጅቷን ከአንገቱ በላይ እንዳያወጣት ብቻ አስማለችው። እሱም ማለላት።

እሑድ አዳራሹ ሞልቶ ፈሰሰ። አደይ አበባ ፀጉራቸው ላይ የሰኩ ሕፃናት፣ ሽቶ፣ ላብ፣ ፈንድሻ፤ ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ ያ የራሰ ጥጥ ሽታ ነበር፣ ከበፊቱ ከብዶ፣ ሞቅ ብሎ። ወይንሸት ከሚልኪያስ ጎን መዳፏን ቀዩ ማጥፊያ ላይ አድርጋ ቆመች። አንዱዓለምና ኤልዳና ሲገቡ አየቻቸው፤ ልጅቷ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች። በእጇ መሃሉን አመለከተቻቸው፤ አንዱዓለም ራሱን ነቀነቀና የታዘዘበት ቦታ ላይ ቆመ።

አንሶላው ሲዘረጋ እልልታው ቀለጠ። መስመሩ ሙሉ ነበር፤ ትንፋሿን ለቀቀች። ነገር ግን ሚልኪያስ በነደፈው መሠረት በዘፈንና በዘፈን መካከል ጨለማ አለ፤ ሕዝቡ በጨለማው ያፏጫል፣ ብርሃኑ ተመልሶ ሲመጣ ይጮኻል። ከመጀመሪያው ጨለማ በኋላ መስመሩ ተቆራርጦ መጣ። ከሁለተኛው በኋላ ቁርጥራጩ አልተዘጋም። እየቆየ ጥቁሮቹ ጭራዎች እርስ በርስ ተያያዙ፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ከሰው ራስ በላይ እየተንቀለቀለ ሳለ ወደ ኋላኛው ግድግዳ የሚደርሰው አንድም ነጠብጣብ ጠፋ። ሕዝቡ የሚያየው ወደ ፊት ወደ መድረኩ ስለሆነ ይህን ያስተዋለ አልነበረም።

«ግድግዳው ጠፋኮ» አለ ሚልኪያስ። «ጭሱ በዛ መሰለኝ።»

ወይንሸት ወደ መሃል እያየች ነበር፤ አንዱዓለም የቆመበት ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል። ግፊያው ወደ ኋላ ገፍቷቸዋል። ዐይኗን ወደ እርከኑ ስትወረውር ገመዱ መሬት ወድቋል፣ እርከኑ በሰው ተሞልቷል፣ ጋሽ ተሰማ ራሳቸው ከፊት ሆነው ያጨበጭባሉ። ገመድ የሚያቆመው ይሉኝታ ያለውን ሰው ነው፣ በዘፈን መሃል ደግሞ ይሉኝታ ያለው የለም። ከእርከኑ ጫፍ ላይ አንድ ቢጫ ነገር ከፍ አለ። ኤልዳና አባቷ ትከሻ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እያየቻት አንድ እግሯን አነሳች፣ ሁለተኛውን አስከተለች፣ አንዱዓለም ቁርጭምጭሚቶቿን ያዘላት፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ዐይኖቿን ፈጥጣ ፊቷን ወደ አረንጓዴው ብርሃን አነሳች።

ለማሰብ ጊዜ ቢኖራት ኖሮ ብርሃኑ ሲጠፋ የሚሆነውን ታስታውስ ነበር። ያስታወሰችውም ይመስላታል። ሙያዋ ግን ለማሰብ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም፤ ዐይን ወደ ጨረር ከቀረበ እጅ ይጫናል። እጇ ተጫነ።

ጨለመ። ሕዝቡ የትርኢቱ አንድ ክፍል መስሎት አፏጨ፣ አጨበጨበ። በፉጨቱ መሃል ያ የራሰ ጨርቅ መንሸራተት ተሰማ፤ አሁን አልዘገየም፣ ከጣሪያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወረደና ወዲያው ደግሞ ወደ ላይ ተሰበሰበ። ለወራት ያልመጣው ፍርሃት በሙሉ መጣ።

«መብራት!» ብላ ጮኸች። «ሚልኪያስ፣ መብራት!»

መብራቱ በራ። ላዩ እንደ ወትሮው ባዶ ነው፤ የዛገ ብረት፣ ቆርቆሮ። ሰው ዐይኑን እያሸ ይስቃል። እየገፋች፣ የረገጠችውን ይቅርታ ሳትጠይቅ፣ እርከኑ ሥር ደረሰች። አንዱዓለም ጫፉ ላይ ቆሟል፣ ላቡ ግንባሩ ላይ ያብለጨልጫል፣ እጆቹ ገና ትከሻው ላይ ናቸው፣ መዳፎቹ ተከፍተዋል። እሷን ሲያያት በእፎይታ ፈገግ አለ።

«ምናለ ቀስ ብትይ፣ በጨለማ እንደዚያ ከትከሻዬ ላይ መንጭቀሽ ስታነሻት እኔንም ልትጥይኝ እኮ ነበር» አላት፤ እያላትም ልጅቷን ከጀርባዋ ለማየት አንገቱን አሰገገ።